ለፍላፊው ዝም ሲል

ውድ ወንድሜ፣

ሌላውን ከማንበብህ በፊት ይህን አንብብ፤ እማዬ አለች። በሕይወት አለች። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ከጀርባዬ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ሱሪ ጫፍ እያጠፈች፣ “ምነው ዛሬ ብዕር? ልትከሺኝ ነው እንዴ?” እያለች ትነዘንዘኛለች። በውስጥ መስመር “እማዬ ሞተች” የሚል መልእክት ደርሶህ ከሆነ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። ካልደረሰህ ደግሞ... ካልደረሰህማ ምን እንደምልህ እንጃ። ግራ ያጋባኝ እሱ ራሱ ነው። ደብዳቤውን ለአንተ እየጻፍኩ፣ እዚያ ማዶ አንተ ኑር አትኑር አላውቅም።

አሁን ትሰድበኛለህ። ተሳደብ፣ ግን መጀመሪያ ስማኝ። እኔም እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ለራሴ ሳስረዳ ነው የሰነበትኩት፤ መሃል ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል፣ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ።

አንተ ድንበር ተሻግረህ ወደቡ ላይ መርከብ ልትበይድ ስትሄድ፣ ዕቃ አመላላሽ ድርጅቱ ገና ቀጥሮኝ ነበር፣ ቅሬታ ክፍል። የዛሬ ደንበኛ ሲናደድ እኛ ጋ አይደውልም። ፍሪጁ ተገጭቶ ከመጣ ፎቶ ያነሳና “ሌቦች!” ብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጥፈዋል፤ አገር ሁሉ ካነበበው በኋላ አለቃችን ከሚስቱ ይሰማል። ስለዚህ ፕሮግራመር ቀጠሩ። ሰውየው በቀን ሁለት ቃል ቢናገር ነው፤ እኛ “ጸጥታ” ነው የምንለው። እሱ አንድ ስክሪፕት ጻፈልን። ስክሪፕት ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ሰው ስለ ድርጅታችን አንድ ነገር በጻፈ ቁጥር ወዲያው ሄዶ ያመጣና ፊታችን ያለው ስክሪን ላይ ይደረድረዋል። ስድቡ ትኩስ ትኩሱን ይደርሰን ጀመር። አለቃችን ደስ አለው፤ እኔ ደግሞ ስክሪኑን እያየሁ አንተን አሰብኩ።

ምክንያቱም አንተ ጠፍተህ ነበር። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ቀጥሎ ሲመችህ፣ ቀጥሎ ጭራሽ። እኛ ስንደውል የምታነሳው ያቺ የማይደክማት ሴትዮ ናት፤ “የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልተቻለም።” ገጽህ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ትጽፋለህ። ጽሑፉን ለእማዬ የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱም ዓይኗ ላይ ሞራ ወርዶ ስልክ ማየት አቅቷት ነበር። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባው በምላሷና በግምት ነው። ከሥራ ገብቼ ሳነብላት ደግሞ ታኮርፋለች። “ልጄ ጠዋት የተናገረውን አሁን? ቀዝቅዞ?” ትለኛለች።

ጸጥታን ለመንኩት።

“አስተምረኝ።”

“ለምን?”

“ለወንድሜ።”

“እሺ።”

በምሳ ሰዓት እየቆጠበ በሚሰጠኝ ቃል ተማርኩ። ስንቴ ተበላሸ መሰለህ! አንድ ቀን የሌላ ሰው ገጽ አምጥቶ፣ የማናውቀው ሰውዬ መኪና ሊሸጥልን ሲጨቃጨቅ ዋለ። በመጨረሻ ግን ሠራ። አንተ ትተኸው የሄድከውን፣ ማጠፊያው የተሰበረውን ላፕቶፕ ስፌት መኪናዋ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። የኔ ስክሪፕት ገጽህን እየደጋገመ ያያል፤ አዲስ ነገር ካለ ጮክ ብሎ ያነባል። ድምፁ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ጸሐፊ ነው የሚመስለው፤ ደስታም ኀዘንም የለውም። እማዬ “ለፍላፊው” ብላ ስም አወጣችለት።

ምን ልበልህ፣ ቤታችን ነፍስ ዘራ። ጠዋት ለፍላፊው “አዲስ ጽሑፍ። እንደምን አደራችሁ። ዛሬም በርትተን እንሥራ” ሲል፣ እማዬ መኪናዋን ታቆምና “እንደምን አደርክ የኔ ጌታ! ቁርስ ቀመስክ?” ትለዋለች። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ተርበትብታ “እትዬ፣ ከማን ጋር ነው?” ስትላት፣ “ከልጄ ጋር ነዋ!” ብላ ትስቅባታለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። እኔ ውዬ ስገባ “መጣሽ?” ነው የምትለኝ፤ ያም ደግሞ ከተሰማት። የሄደ ይመረቃል፣ የቀረ ይላላካል። ይህን ፊት ለፊት ብነግርህ ኖሮ ድሮ ወጥቶልኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። አንተ በሕይወትህ “እንደምን አደራችሁ” ብለህ ታውቃለህ? ፊትህን ሳትታጠብ ያናገረህ ሰው ጠላትህ አልነበር? እማዬ ራሷ “የጠዋት ባላጋራ” አይደል የምትልህ? “ሰው አገር ገብቶ ሰው ሆነ” አልኩና ተውኩት።

ከዚያ የዓይኗ ነገር መጣ። ሐኪሟ፣ አንዲት ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት፣ “ሞራው በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ከዘገየ ግን አስቸጋሪ ነው፤ በቀኙ እንጀምር” አለች። እማዬ ሆዬ ወንበሩ ላይ ድርቅ! “ዓይኔን በስለት? በቁሜ? አይደረግም!” ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩባት፤ ወይ ፍንክች! ኋላ ላይ፣ “ታላቅሽን ጠይቂልኝ። እሱ ግቢ ካለኝ እገባለሁ፣ ተይ ካለኝ እተወዋለሁ” አለች። አየህ? እኔ ነኝ ይዣት የምዞረው፣ ወሳኙ ግን አንተ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ከጽሑፍህ ሥር ኮመንት ላይ ጻፍኩልህ፤ “እማዬ የዓይን ቀዶ ጥገና ላድርግ ወይ እያለችህ ነው፤ መልስ።”

በማግስቱ ጠዋት ለፍላፊው ተናገረ። “አዲስ ጽሑፍ። አይዞን፣ ከጨለማ በኋላ ብርሃን አለ።”

እማዬ እልል ማለት ነው የቀራት። “ሰማሽ? ብርሃን አለ አለኝ! ዓይኔን እኮ ነው!” እኔስ? እኔም አመንኩ። እንዴት አላምን? ጨለማ፣ ብርሃን፣ አይዞን፤ ለጠየቅነው ጥያቄ ልክክ ብሎ የገባ መልስ ነው። እንዲያውም ደስ ብሎኝ፣ “ይኸው፣ አሳቢ ወንድም አለኝ” ብዬ ለጸጥታ አወራሁለት። እሷም ባንተ ቃል ተማምና ገባች። ቀዶ ጥገናው ሠመረ፤ በቀኟ ታያለች። ፋሻው ሲፈታላት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ “ምነው እንዲህ ከሳሽ?” አለችኝ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ቤት በገባን በሳምንቱ ገደማ፣ ለፍላፊው “አይዞን፣ ከጨለማ በኋላ ብርሃን አለ” አለ። እንደገና። ቃል በቃል።

“ይሄ ደግሞ ለግራው ነው” አለች እማዬ፣ ደስ ብሏት።

እኔን ግን አንድ ነገር ወረረኝ። ስክሪፕቱ ያመጣውን ሁሉ ያስቀምጣል፤ ላፕቶፑን ይዤ ቢሮ ሄድኩና ጸጥታ ፊት ዘረጋሁት። ወደ ላይ ገፋው፣ ወደ ታች ገፋው፣ መነጽሩን አወለቀ።

“ሰው አይደለም” አለ።

“ወንድሜ ነው እኮ!”

“ወንድምሽ ሰው ነው። ይሄ ግን ስክሪፕት ነው። ያንቺው ያመጣል፣ የሱ ይለጥፋል። ሰዓቱን እዪው፤ ሁሌ አንድ ነው፣ ዝንፍ አይልም። ዓረፍተ ነገሮቹም ሲያልቁ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ።”

ከተዋወቅን ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ መጀመሪያ የገረመኝ እሱ ነበር። ቀጥሎ ሳቅኩ። ቀጥሎ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ታዲያ እሱ የት ነው?” አልኩት።

ላፕቶፑን ዘግቶ መለሰልኝ።

ወንድሜ፣ እንግዲህ ግራ መጋባት ማለት ይህ ነው። ያንተ ስክሪፕት ይናገራል፣ የኔ ስክሪፕት ያነባል፣ እናታችን መሃል ላይ ቁጭ ብላ “አሜን” ትላለች። ዓይኗንም ለቢላ የሰጠችው በዚህ ነው! ቢበላሽስ ኖሮ? በማን እፈርድ ነበር፣ ባንተ ወይስ በራሴ? ደግሞስ ለምን አስቀመጥከው? እንዳናስብ ብለህ ነው፣ ወይስ ከእኛ ለመገላገል? ታመህ ነው? ታስረህ ነው? መርከብ ጥገናው ላይ ብየዳ ስትሠራ አንድ ነገር ደርሶብህ፣ ስክሪፕትህ ብቻ ወሬህን ሳይሰማ “እንደምን አደራችሁ” እያለ ቀርቶ ነው? አንዱን ሳምን ሌላው ይመጣብኛል። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ይባል የለ፤ እኔ ድሮም ነገር ቶሎ አይገባኝም።

በምሳ ሰዓት በውስጥ መስመር ጻፍኩልህ። “ወንድሜ፣ ደህና ነህ?” ወዲያው፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ መልስ መጣ። “መልእክትዎ ደርሶኛል፤ እናመሰግናለን።”

እኔን አንቱ!

“አትቀልድ፣ የት ነህ?” አልኩ።

“መልእክትዎ ደርሶኛል፤ እናመሰግናለን።”

“አንተ ከብት!”

“መልእክትዎ ደርሶኛል፤ እናመሰግናለን።”

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ደሜ ፈላ፣ እጄ ቀደመኝ። “እማዬ ሞተች” ብዬ ላክሁ። ሰው ከሆንክ ትጮሃለህ፣ ትደውላለህ፣ ቢያንስ “ምን?” ትላለህ ብዬ ነው። መልሱ መጣ።

“መልእክትዎ ደርሶኛል፤ እናመሰግናለን።”

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ጸጥታ ምን ሆንሽ ሲለኝ፣ “እናቴ ሞተች ብለው አመሰገነኝ” አልኩት። መልእክቱን ወዲያው አጠፋሁት፤ ከኔ በኩል ጠፋ፣ ካንተ በኩል ግን ይጥፋ አይጥፋ አላወቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ለፍላፊው ዝም አለ።

እማዬ ጠበቀች። መደርደሪያውን በጥፍሯ ቆረቆረች። “ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ሆነ? ጉንፋን ያዘው?” አለችኝ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፤ አጥፍቼ አበራሁት። በማግስቱም ዝም። ጸጥታ አየውና “ያንቺው ደህና ነው። የሚያመጣው የለም” አለኝ። ልጽፍልህ ብሞክር በውስጥ መስመርም አይገባም፣ ኮመንቱም ተዘግቷል። በሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተቆለፈ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው የገባኝ፤ አጠገቤ የቆመውን ሰው እጅ ጨምድጄ መያዜን ያወቅሁት “እህቴ፣ ደህና ነሽ?” ሲለኝ ነው። ስክሪፕት አይደነግጥም። ስክሪፕት ለቅሶ ሰምቶ አፉን አይዘጋም፤ ያመሰግናል እንጂ። አንድ ሰው መልእክቱን አንብቦ፣ እጁን ሰዶ ዘግቶታል። አንተ ነህ! አለህ! ከስንት ጊዜ በኋላ በራስህ እጅ ያደረግከው የመጀመሪያ ነገር ዝም ማለት ሆነ። ደስታው ልቤን ሊያቆመው ነበር፤ ግን እኮ እናቴ ሞተች ብለህ ነው ዝም ያልከው። እየሳቅኩ ልወርድ ስል፣ እያለቀስኩ ወረድኩ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ። ቢሆንስ አጋጣሚ? መብራት ጠፍቶ፣ ኮምፒውተር ተቃጥሎ፣ ገጽህን ሌላ ሰው ወስዶት ቢሆንስ? ጸጥታን ብጠይቀው “ይሆናል” አለኝ። “አይሆንም በለኝ” ብለው “አይሆንም” አለኝ። ከዚህ ሰውዬ ምን ትጠቀማለህ!

ለእማዬ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? “ልጅሽን ለመፈተን ገደልኩሽ” ልበላት? ግራ ዓይኗን ለማሠራት ያንተን ቃል እየጠበቀች ነው፤ እኔ የምላት “ሥራ በዝቶበት ይሆናል” ብቻ ነው። በቀኝ ዓይኗ ስታየኝ ደግሞ መዋሸት ከብዶኛል፤ ድሮ ሳታየኝ ይቀለኝ ነበር።

ለዚህ ነው በወረቀት የምጽፍልህ። ጫማ የላክህበት ካርቶን ላይ የሠራተኞች ማደሪያው አድራሻ አለ። ደብዳቤውን የሚያመጣው እስከ ወደቡ ዕቃ የሚያመላልሰው የእኛው ድርጅት ሾፌር ነው። በእጅህ ሳይሰጥ ቢመለስ ስሙን ስክሪኑ ላይ እንደማወጣው ነግሬዋለሁ። ከማደሪያው ወጥተህ ከሆነም በያጅ የት እንደገባ አለቃው ያውቃል፣ ጠይቅ ብዬዋለሁ። የምለምንህ ብዙ አልነበረም። ለምን ጠፋህ አልልህም፤ አፍረህም ከሆነ፣ ሥራ አጥተህም ከሆነ፣ ሰልችተኸንም ከሆነ፣ እዚያው በሆድህ ያዘው። ደውልና እሷ ታንሳው፣ ድምፅህን ትስማ ልልህ ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ነው ለፍላፊው የተናገረው።

አሁን፣ አሁን ነው። ጽሑፌ ከተንጋደደ ቆሜ ስለምጽፍ ነው። “አዲስ ጽሑፍ” አለ፣ በዚያው በቃለ ጉባኤ ድምፁ። ቀጥሎ፣

“እማዬ።”

ሌላ ምንም የለም።

እማዬ የያዘችውን ጨርቅ ጥላ ብድግ አለች። “አቤት!” አለች። ዝም ብላ አይደለም፤ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ። “አቤት ልጄ!”

ሮጬ ገጽህን ከፈትኩ። የለም። ባዶ ነው። ጸጥታ ጋ ደወልኩ፤ ወሬውን ሳልጨርስለት ገባው። “ጽፎ አጥፍቶታል። ያንቺው ግን ሳይጠፋ አምጥቶታል።”

“ስክሪፕት ይሆን?” አልኩት። በናትህ አይደለም በለኝ ልለው ነበር።

“ስክሪፕት ጽፎ አይጸጸትም” አለኝና ስልኩን ዘጋው።

እማዬ አልተቀመጠችም። መቀሱ ካንገቷ እንደተንጠለጠለ፣ አንድ እጇን መደርደሪያው ላይ አድርጋ፣ በዚያች በአንድ ዓይኗ ላፕቶፑን ታየዋለች። “ጠራኝ እኮ። ቀጥሎ ምን አለ?” ትለኛለች።

“ምንም አላለም፣ እማዬ።”

“አቤት ማለቴን ሰምቷል?”

ምን ልበላት? የኔ ስክሪፕት ካንተ ያመጣል እንጂ ወደ አንተ አይወስድም። “አልሰማም” አልኳት። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ “የጠራኝ ሰው ሳይጨርስ እንዴት እቀመጣለሁ?” አለች። ሾፌሩ ውጭ መኪናውን አስነስቶ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው፤ ደብዳቤውን ላሽገው።

ወንድሜ፣ አቤት ብላሃለች። ቆማ ነው የምትጠብቅህ። ቀጥል።

እህትህ